ባሱንዳ ያልደረሰ መርዶ

ካርቱም፣ ዴም ሰፈር
ኅዳር 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእታለም በለጡ፣

ከሰላምታ በፊት ይቅርታ ላስቀድም፤ ይህን ስታነቢ ቅንድብሽ የት ድረስ እንደሚወጣ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። አዎ፣ አራት ቀን ብዬ ወጥቼ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አልታመምኩም፣ አልታሰርኩም፣ ሴትም የለችበትም። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ እሱን ስለሆነ መጀመሪያ መለስኩልሽ። የፎቶ ወረቀቱንም የማጠቢያውን መድኃኒትም ገዝቻለሁ። ያረፍኩት በልብስ ሰፊው በከማሉ ቤት ነው፤ ዕቃው ከጨርቅ ጥቅሎቹ ሥር በደህና ተቀምጧል።

ያቆየኝን ልንገርሽ። ወረቀት የገዛሁበት ሱቅ በር ላይ የፎቶ ኤግዚቢሽን ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። መግቢያው ነጻ ነው። ባሱ እስኪነሳ ሁለት ሰዓት ነበረኝና ገባሁ። በለጡ፣ ፎቶዎቹ በር በር ያክላሉ። ሰሊጥ አጫጆች ናቸው፣ የእኛው ሰዎች፣ ከመፋዛ ማሳ የተነሱ። ሁሉም የተነሱት ከጀርባቸው ነው፤ አንድ ፊት የለም። እኔ ሁለት ጆሮህ ካልታየ መታወቂያ አይሰጡህም እያልኩ የሰው አገጭ ሳቀና የኖርኩ ሰው ነኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ በማግስቱ ተመልሼ ገባሁ። ባሱ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እግሬ አላርፍ አለ። የሥዕል ተማሪዎች ያዘጋጁት አለ፣ እሱን አየሁ። ከዋጃዎቹ፣ ፈረንጆቹ፣ በባህል ማዕከላቸው የሰቀሉት አለ፣ እሱንም አየሁ። አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ያምረኛል። ሰዎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ልክ ወታደር እንደሚጎበኝ ሹም፣ አንድ ፎቶ ፊት ቆመው ይቀራሉ። የእኛ ደንበኛ ፎቶውን ተቀብሎ ኪሱ ሲከት ስንት ጊዜ ያየዋል? እዚህ ግን ሰው ለማያውቀው ሰው ፊት ይቆማል። ቀናሁ። ሌላ ቃል የለኝም።

አንዱ ኤግዚቢሽን ቤት አማራት ሰፈር ነው፤ ባለቤቱ ባሕሪያ የምትባል ሴት ናት። ሱዳናዊት ናት፣ ሃምሳ የሚሆናት፤ የአባቷን ቤት ሳሎን ነጭ ቀብታ ሥዕል ትሰቅልበታለች። ለወረቀት ሻጩ ላሳየው ይዤ የመጣሁትን አቃፊ ብብቴ ሥር አይታ ክፈተው አለችኝ። የተጋጠሙት ፎቶዎች ነበሩ፤ ባል ገዳሪፍ ሚስት ጎንደር ሆነው ለየብቻ ተነስተው እኛ ቆርጠን ጎን ለጎን ያቆምናቸው። ከወንበሯ ተነሳች። የመጋጠሚያውን ስፌት በብሩሽ የሚያጠፋው ማነው ስትለኝ እህቴ ናት አልኳት። በዚህ ወር ልስቀላቸው አለች። እኔ ደግሞ እሺ አልኩ።

አንድ ወር ብቻ ታገሺኝ።

ቴዎ


ገዳሪፍ
ኅዳር 13 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቴዎ፣

ደህና ነኝ እንዳልልህ መቆየትህን ታራዝማለህ፤ ታምሜያለሁ እንዳልል ውሸት አይሆንልኝም። ስለዚህ እንዴት እንደሆንኩ አልነግርህም።

አጨዳው አብቅቶ ሠራተኛው ወደ አገሩ ሳይመለስ ፎቶ ሊነሳ ከነአቧራው በራችን ላይ ተሰልፏል። ወረቀቱ ካርቱም ከጨርቅ ሥር ተኝቷል፤ እኔ የተረፈውን በሁለት እየቆረጥኩ አወጣለሁ። ካሜራውንም ራሴ ይዣለሁ። ትናንት አንዱን ግንባሩን ቆርጬ አነሳሁት፣ ቆንጆ ነው ብሎ ሄደ። ኤግዚቢሽን አዘጋጅልኝ።

እማማ አሰጋሽ መጡ ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም። መጡ። ከባሱንዳ ሰሊጥ ጭነው ለገበያ መጥተው ጎራ አሉ። ፎቶው በላብ ደበዘዘብኝ፣ ሌላ ሥሩልኝ፣ አሁን ደግሞ ልጄ ሌላ ልብስ ለብሶ ይሁን አሉኝ። ብሩሹን ይዤ ቀረሁ።

ቴዎ፣ ይሄ ነገር እንዲህ ሊሆን አልነበረም። ልጃቸው እንግዳው ፋው ከተማ በወባ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። አጎቱ ጋሽ ባንታምላክ ቀብረውት ሲመለሱ ኢስቱዲዮ ገብተው ያሉትን አንተም ሰምተሃል፦ «እህቴ ብቻዋን ናት። ዘመድ ከጎንደር ሳይሰበሰብ መርዶ አይነገራትም። ድምፁ ጠፋብኝ እያለች አላስቀምጥ ብላናለች፤ ካርቱም ሥራ ይዟል ብለናታል። ከጎኗ አቁማችሁ አንድ ፎቶ ሥሩላት፣ አጨዳው እስኪያልቅ ብቻ ነው።» ሠራን። ከዚያ ዝናብ ገባና መንገዱ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ፋሲካ መጣ፣ በበዓል አይነገርም ተባለ። ዘመዶቹ ሲመጡ ደግሞ ሴትዮዋ ፎቶውን አውጥተው አሳዩዋቸው፣ ሁሉም አጎንብሰው በሉ ጠጡና ሄዱ። አሁን አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

አንድ ነገር መልስልኝ፣ ሌላው ይቆይ። ለባሕሪያ ከሰጠሃቸው ውስጥ የእንግዳው ፎቶ አለ?

በለጡ


ካርቱም
ኅዳር 21 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእታለም በለጡ፣

ወረቀቱን በሾፌሩ በሱሩር ባስ ልኬልሻለሁ፤ ሃምሳ ፍሬ በእጁ ነው፣ ቁጠሪው። የሰው ግንባር ግን በወረቀት እጥረት አታሳብቢ።

ቅዳሜ ተከፈተ። አሥራ አራት ፎቶ ሰቀልን። ባሕሪያ በአንዱና በሌላው መካከል ሁለት ክንድ ባዶ ግድግዳ ትታለች፤ ብዙ አባከንሽ ስላት ሳቀችብኝ። ቶብ የለበሱ የአገሩ ሴቶች መጡ፣ ከዩኒቨርሲቲ መጡ፣ አንድ ሽማግሌ የሥዕል መምህር ዱላውን ተደግፎ መጣ። እኔ ከማሉ የሰፋልኝን ሸሚዝ ለብሼ በር ላይ ቆምኩ፤ መቆም ሲያቅተኝ ጓሮ ዞሬ መጣሁ፤ ደግሞ ወጣሁ። ሰው «ኡስታዝ» ብሎ ሲጠራኝ ዞሬ ሌላ ሰው ፈለግኩ።

ባሕሪያ የምትወደው ስፌቱ የታየውን ነው። የአንደኛው ጥላ ወደ ቀኝ የሌላኛው ወደ ግራ የወደቀበትን፣ አንዷ በደመና ሌላው በፀሐይ የቆሙበትን። ጣቷን በስፌቱ ላይ እያስኬደች ለእንግዶቿ ታስረዳለች። እኔ ደግሞ ያፈርኩት በእነሱ ነው። ከአሥራ አራቱ እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገርበት አንድ ብቻ አለ፤ ሽማግሌው መምህርም ሌላውን ሁሉ አልፎ እሱ ፊት ቆመ። «ይሄ ተጋጥሞ አይደለም፣ እናትና ልጅ አብረው ቆመው ነው» አለ። አጋጥሜው ነው ብለው አላመነኝም።

ጥያቄሽን ወደ መጨረሻ የገፋሁት ለዚህ ነው። አዎ፣ አለ። እሱ ነው።

አትቆጪ። ስም አልተጻፈበትም። የባሱንዳ ሰው አማራት መጥቶ ሥዕል አያይም። በሃያ ቀን ይወርዳል። በዕድሜዬ የሠራሁት አንድ ጥሩ ነገር ነው፣ እሱንም ሳጥን ውስጥ ላድርገው?

ቴዎ


ገዳሪፍ
ኅዳር 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ቴዎ፣

አውርደው።

ጥሩ ሥራ አይደለም አላልኩህም። በማን ብሩሽ እንደተሠራ አውቃለሁ። ግን ያ ፎቶ ለአንድ አጨዳ የተሰጠ ማስታገሻ እንጂ ያንተ መታያ አልነበረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉሃል፤ አንተ ሁለቱንም ሆነህብኛል።

የአባታችንን መርዶ እናታችን እንዴት እንደሰማች አንተ ሕፃን ነበርክ፣ አታስታውስም። ካምፕ ውስጥ ራሽን ልትቀበል ተሰልፋ ሳለች ስም የሚጠራው ሰውዬ መዝገቡን አይቶ «ይሄ ሞቷል፣ ተሰርዟል» አላት። ዱቄቱን ተቀብላ መጣች። ያዝ ያደረጋት፣ አብሯት የጮኸ አልነበረም። እስክትሞት ድረስ የምታወራው ስለ ሞቱ ሳይሆን ስለ ሰልፉ ነበር። እማማ አሰጋሽ እንዲህ ከሰሙ ያደረግነው እኛ ነን፣ እኔና አንተ። ጋሽ ባንታምላክን ይዤ እነግራቸዋለሁ፣ ታኅሣሥ ሳይወጣ እነግራቸዋለሁ። አንተ ፎቶውን ብቻ አውርድልኝ።

መልስህን በሱሩር እጅ ዛሬውኑ።

በለጡ


ገዳሪፍ
ታኅሣሥ 6 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ጠዋት

ቴዎ፣

ይህን ደብዳቤ ያመጡልህ እማማ አሰጋሽ ራሳቸው ናቸው። ማንበብ አይችሉም። ስጽፍ ከፊቴ፣ ደንበኛ የምናስቀምጥበት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ «ምነው ረዘመ» ይሉኛል። የወረቀት ትእዛዝ ነው አልኳቸው። ፊትህን ጠብቅ፤ እያዩህ ነው።

አወረድኩት ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፣ አምኜህ ነበር። ሱሩር ሰኞ ዕለት ደብዳቤዬን ሊያደርስልህ ባሕሪያ ቤት ሲገባ ግድግዳው ላይ አይቶታል። እሱ ምን ያውቃል፤ እንግዳው መሞቱን የነገረው የለም። ትናንት መናኸሪያ ላይ ሲያገኛቸው በደስታ ነገራቸው፦ ልጅሽ ካርቱም ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ፎቶው ተሰቅሎ ሰው ይጎበኘዋል አላቸው። እሳቸውም ፎቶው ካለ እሱም እዚያው አለ ብለው ተነሱ። ሁለት ዓመት ያልመጣው ቢያፍርብኝ ነው አሉኝ። በጠርሙስ የነጠረ ቅቤ ይዘዋል፣ ልጃቸው ለገና ጾሙን የሚፈታበት።

ስልክ ቤት ሄጄ የባሕሪያን ቁጥር ሦስቴ አስደወልኩ፣ የሚያነሳ የለም። ጋሽ ባንታምላክ ለሠርግ መተማ ተሻግረዋል፤ ሰው ልኬባቸዋለሁ። እኔ እንዳልከተላቸው የመንገዱ ፈቃድ፣ ተስሪሁ፣ አንድ ሳምንት ይፈጃል። ሱሩር እሳቸውን እናቴ ናት ብዬ አሳልፋቸዋለሁ ብሏል።

ለምን አልነገርሽም ትለኛለህ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ፈራሁ። አሁን አንተ ጋ መጥተዋል። ስለዚህ እንደማዝህ አድርግ፦ ከመንገድ እንደወጡ አትንገራቸው፣ አሳርፋቸው፣ ይተኙ። ሲነጋ ይሁን። ብቻህን አትንገር። ዴም ውስጥ የአገር ሰው ሰብስብ፣ ዘመድ ባይሆንም ዘመድ ይሁን። በዕድሜ የገፋች ሴት አንድ ከፊት ትቅደም፣ ሁለት ጠንካራ ሴቶች በግራና በቀኝ ይሁኑ፣ ራሳቸውን መሬት ላይ እንዳይጥሉ። ፎቶውን ሳያዩት ንገሯቸው። እባክህ።

ባሱ ሊነሳ ነው። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ቃል ነው። ጻፊልኝ አሉኝ፣ እንዳሉት ጻፍኩ።

«ለልጄ ለእንግዳው። እንዴት ከረምክ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሰሊጡም ዘንድሮ ደህና ያዘ። ጉልበቴ አላራምድ ብሎኝ ነው እንጂ ቀድሜ እመጣ ነበር። ሰው ሁሉ ያይሃል አሉኝ፣ እኔም ልይህ ብዬ ነው። ከስታለች ብለህ አትደንግጥ፣ ጾም ነው። ልቆጣህ አይደለም የመጣሁት።»

በለጡ


ካርቱም
ታኅሣሥ 9 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ለእታለም በለጡ፣

አወረድኩት ያልኩሽ ውሸት ብቻ አልነበረም። ሁለት ቀን ወርዶ ነበር። ሽማግሌው መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ሲመጣ ባዶ ምስማር ከማሳይ ብዬ መልሼ ሰቀልኩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔን ግን ባስ ጭኖ አመጣው።

እማማ አሰጋሽ ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሱሩር እጃቸውን ይዞ ከማሉ ቤት አደረሳቸው። አቧራ ለብሰው፣ ጠርሙሱን በነጠላቸው ጠቅልለው። ደብዳቤሽን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ፊታቸው ቆሜ አነበብኩት። «ምን ትላለች?» አሉኝ። የራሳቸውን ቃል፣ ለእንግዳው ያሉትን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ሌላውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። «ደህና ጽፋዋለች» አሉ። ልጄ የት ነው የሚያድረው ሲሉኝ ነገ ጠዋት እማማ፣ ዛሬ ይረፉ አልኩ። የከማሉ ሚስት እግራቸውን አጥባ አስተኛቻቸው።

እኔ ዴምን ከቤት ቤት ዞርኩ። ሣህሊቱን አገኘሁ፤ ዴም ውስጥ ሽሮ የምትሸጠዋን የጎጃሟን ሴትዮ። እናትየዋ ከማን ወገን ናቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ የማንም አይደሉም አልኳት። «እንግዲያስ የእኛ ናቸው» አለች። አሥራ አንድ ሰው ቆጠረችልኝ፣ ከማሉንና ሚስቱን ጨምሮ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ሲነጋ ከማሉ ቤት እንገናኝ ተባባልን።

ሳይሆን ቀረ። እማማ አሰጋሽ ከሁላችን ቀድመው ተነስተው፣ ተጫምተው፣ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቁርስ አልቀምስም፣ መጀመሪያ ፎቶው ያለበት ውሰደኝ አሉ። ለመንኳቸው። ሰው ይመጣል ጠብቁ አልኳቸው። «የምን ሰው? እኔ ልጄን ነው የምፈልገው» ብለው መንገድ ጀመሩ። ምን ላድርግ? ሰዎቹን አማራት ሂዱ በላቸው ብዬ ከማሉን በታክሲ ሰደድኩት። እኔ በጎዳናው ሁሉ ቀስ በሉ እማማ፣ ጉልበትዎ እያልኩ እሳቸውን አዘገየሁ። በሕይወቴ እንዲያ ቀርፋፋ ሆኜ አላውቅም።

ስንገባ ቀድመውን ደርሰዋል። አሥራ አንዱም በዚያ ነጭ ሳሎን በፎቶዎቹ መካከል ቆመዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እማማ አሰጋሽ ግድግዳውን አላዩትም። ሰዎቹን አዩ። ነጠላቸውን አዩ። አንድ በአንድ ፊታችንን አዩን። በለጡ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እኛ አገር ይህ ነገር በአፍ አይነገርም፣ ገና ደጃፍ ላይ ይታያል።

«የማን ነው?» አሉ።

ሣህሊቱ ስሙን ጠራች። የከማሉ ሚስትና ሌላዋ በግራና በቀኝ ያዟቸው። የቀረውን አልጽፈውም። ባሕሪያ በሩን ቆለፈች፣ ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አንድ የአማርኛ ቃል አታውቅም፤ አለቀሰች።

ትንሽ ሲበርድላቸው የትና መቼ አሉ። ይህን የሚመልስ ዘመድ አልነበረም፣ እኔ መለስኩ። በፋው፣ በወባ፣ ሁለት ዓመት አለፈው አልኩ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ከዚያ ቀና ብለው ፎቶውን ለመጀመሪያ ጊዜ አዩት። ይህ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ አይደለም ወይ አሉ። ነው አልኩ።

«ታዲያ ከጎኔ የቆመው ማነው?»

የእንግዳው የመታወቂያ ፎቶ አንገት ድረስ ብቻ እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። የኢስቱዲዮውን ኮት ለብሼ የቆምኩት ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እሳቸው አያውቁም ነበር። «እኔ ነኝ እማማ» አልኩ። «ፊቱ የእሱ ነው፣ ሌላው የእኔ ነው።»

እኔ ወደ ግድግዳው ሄጄ ላወርደው እጄን ዘረጋሁ። ሌላ የምሠራው አልታየኝም።

«ተወው፣ የሚለቀስለትን ሰው ይየው» አሉኝ። ቀጥለው በለቅሶ በሻከረ ድምፅ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲህ አሉ፦ «አንተ ና ወዲህ። ሁለት ዓመት በልጄ ቦታ ቆመሃል። አሁን ሰው ሊያስተዛዝነኝ ይመጣል፣ ከጎኔ የሚቆም የለኝም። እንግዲህ ቁም።»

ቆምኩ። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ዛሬም። የዴም ሰው ሰምቶ ይመጣል፤ ፎቶ ሊያይ የመጣውም ገብቶ ጫማውን ያወልቃል። ሽማግሌው መምህር መጥቶ እጄን ጨብጦ «አሏህ የርሐሙ» ብሎ ነፍስ ይማር አለኝ፣ እኔን እንደ ሟቹ ወንድም ቆጥሮ። አላረምኩትም።

ሰኞ በሱሩር ባስ ይዣቸው እመጣለሁ። ባሱንዳ ድረስ እኔው አደርሳቸዋለሁ። ለጋሽ ባንታምላክ ንገሪያቸው፣ ዘመዱን ሰብስበው ደጃፍ ላይ ይጠብቁን፤ ካርቱም የተለቀሰው የእንግዳ ለቅሶ ነው፣ የዘመዱ ይቀራል ብለዋል እማማ። እኔም እዚያ በቀኛቸው እንድቆም አዝዘውኛል። ጋሽ ባንታምላክ ቦታውን ልውሰድ ቢሉኝ እሳቸውን ይጠይቁ፤ እኔ በራሴ አልለቅም።

ወንድምሽ ቴዎ